መግሪብ ላይ የሚቆመው ዘፈን

የግንቦት ፀሐይ እንዲያ በሚያቃጥልበት ከተማ ጥቁር ካናቴራ ለብሶ ሄቪ ሜታል የሚጫወት ሰው ጤነኛ አይደለም። እኛ ደግሞ አራት ነበርን። ካናቴራዎቹን ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ የገዛው ጊታሪስታችን ነው፤ የራስ ቅል የተሳለበት ፈልጎ ቢያጣ መነጽር ያደረገ ድመት የተሳለበት ይዞልን መጣ። "አቦ ጥቁር ነው አይደል? ከሩቅ ማን ያየዋል?" አለን። ከሩቅም ከቅርብም ታየ። ድሬ ውስጥ እስካሁን ብዙ ሰው የሚያውቀን "እነዚያ የድመቶቹ" እያለ ነው።

ጊታሪስቱ እዚያው ታይዋን ሞባይል ይጠግናል። ዘፋኛችን በሳቢያን መስመር የሚኒባስ ረዳት ነው፤ ቤቱ ሶማልኛ የሚያወራ፣ መንገድ ላይ በአማርኛ የሚከራከር፣ ክርክሩን በኦሮምኛ የሚጨርስ የድሬ ልጅ። ከንጋት ጀምሮ "ሳቢያን! ሳቢያን! ሳቢያን!" ሲል የዋለ ጉሮሮ ለሜታል የተፈጠረ ነው። የውጭ አገር ዘፋኞች በስንት ልምምድ የሚያመጡትን ማጓራት እሱ ከሥራው ላይ አገኘው። ቤዝ የሚጫወተው የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለም፣ እሱም ስለ ራሱ ብዙ አይልም። ድራሙ የኔ ነው። ሴት ነኝ፣ ሻሽ አደርጋለሁ፣ እጄ ከባድ ነው። "ፀጉርሽን ሳታወዛውዢ ምን ዓይነት ሜታል ነው?" ላሉኝ ሁሉ ሻሼ ሥር ያለውን እናንተ ስለማታዩት ነው ብያቸዋለሁ።

የምንለማመደው ሳቢያን ሰፈር፣ የኛ ግቢ ውስጥ፣ አባቴ የጨርቅ ጣቃ በሚያከማችበት መጋዘን ነበር። አባቴ ታይዋን ጨርቅ ይሸጣል። ሌላው ባንድ ድምፅ ለማፈን ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ይለጥፋል፤ እኛ ከወለል እስከ ጣሪያ የድሪያ፣ የሴቶች ሰፊ ቀሚስ ጨርቅ ነበረን። ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ ባለ ወርቅ ዘር። ከዚያ ሁሉ አበባ መሃል ስለ ሞትና ስለ ጥፋት መጮኽ መጀመሪያ ላይ ይከብድ ነበር፣ ኋላ ለመድነው። አምፕሊፋየሩን ከፍ ስናደርግ ከላይ ያሉት ጣቃዎች ቀስ እያሉ ይንሸራተቱና ኬሚስትሪ መምህሩ ላይ ይወድቃሉ። እሱም ሳያቋርጥ በትከሻው ይመልሳቸዋል።

አባቴ ሕግ ነበረው። ከምሳ በኋላ ድሬ ወይ ትተኛለች ወይ ጫት ትቅማለች፤ በዚያ ሰዓት የሚረብሽ ሰው ከሌባ አይሻልም። ስለዚህ የከሰዓቱ ሰላት፣ ዐስር፣ ሳይሰገድ የድራሙን ዱላ አላነሳም። ሲመሽ ደግሞ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። የተረፈችን ከዐስር እስከ ፀሐይ መጥለቂያው ሰላት፣ እስከ መግሪብ ያለችው ሰዓት ብቻ ነበረች። ያኔ ከሰዓት ከሰዓት ሱቁን ወንድሜ ይይዝ ስለነበር አባቴ በረንዳው ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በርጫውን ይዞ ይቀመጣል። በእሱና በድራሜ መሃል ያለው አንድ የቆርቆሮ በር ነው። "ኧረ አቦ ቀስ!" የምትለዋ ጩኸቱ በስልክ በቀዳናቸው ልምምዶች ሁሉ ውስጥ አለች። አንድ ቀን አንደኛው ጓደኛው "የዚህች ልጅ እጅ ያስፈራል ወላሂ፣ ማን ያገባታል?" ሲለው ሰማሁ። አባቴ "ጆሮ የሌለው ይመጣላታል" አለው። ተሳሳቁ። እኔም ተናድጄ የባሰ መታሁ።

ምርጡን ዘፈን መጨረሻ ላይ መጫወት የየትኛውም ባንድ ልማድ ነው። የኛ ምርጥ "ፀሐይ፣ አቦ ተይን" የሚለው ነበር። ግጥሙን ዘፋኛችን ሚኒባሷ ወረፋ ስትጠብቅ የጻፈው ሲሆን ሐሳቡ ርዕሱ ላይ አልቋል። መጨረሻ ላይ ስለምንጫወተው መግሪብ ሁልጊዜ መሃሉ ላይ ይደርስብናል። አዛን ሲጀምር እጃችንን እናወርዳለን። ማንም አላዘዘንም፤ ድሬ ውስጥ የሠርግ ዘፈንም ቢሆን የሱቅ ሬዲዮም ቢሆን አዛን ሲወጣ ይቆማል። ክርስቲያኑ መምህራችን እንዲያውም ከኛ ቀድሞ ነው ቤዙን የሚዘጋው። የቅርቡ መስጊድ ይጀምራል፣ የሩቁ ይከተላል፣ እኛም የመጨረሻው እስኪያበቃ ላባችንን እየጠረግን ዝም እንላለን። ከዚያ ከቆምንበት ቀጥለን የቀረችውን እንጨርስና የሚሰግደው ወደ ሰላቱ፣ ሌላው ወደ ቤቱ።

ከዚያ ዝምታ የሚያስወጣን የኔ ምት ነው። ቆጠራ የለም፣ ጥቅሻ የለም። ትልቁን ድራምና ሲምባሉን አንድ ላይ እመታለሁ፤ ሦስቱም በዚያችው ቅጽበት ይገባሉ። አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም። የፈለገው ያህል ሞንታርቦ ቢደረደር ያቺን ምት የሚያክል ጩኸት አያወጣም፤ ከፊቷ ምንም ድምፅ የለማ። ያቺን ምት እወዳታለሁ። በቀረው ነገሬ ሁሉ፣ በመልኬም በትምህርቴም በጸባዬም እጠራጠራለሁ። እሷ ላይ ግን ተጠራጥሬ አላውቅም።

ሕዝብ ፊት መጀመሪያ የተጫወትነው ከድሬ ወጣ ብሎ ገጠር፣ ዋሂል፣ የጊታሪስታችን ዘመድ ሠርግ ላይ ነው። ሞንታርቦውን ለሠርግ ከሚያከራይ ሰውዬ ተከራየን። ሰውዬው ከመሣሪያው ጋር አብሮ መጣ፤ ይዞት የመጣውን ብቸኛ ማራገቢያ ወደኛ ሳይሆን ወደ አምፕሊፋየሩ አዞረው። "እናንተ ብትወድቁ ውሃ ተረጭቶባችሁ ትነሳላችሁ፤ እሱ ከተቃጠለ ተቃጠለ ነው" አለን። ያለንን ሁሉ አወጣን። ፍየሎች ሸሹ፣ ሙሽራዋ ጆሮዋን ያዘች፣ ሽማግሌዎቹ ግን በጨዋነት እስከ መጨረሻው ሰሙን። ሲያልቅ አንድ አዛውንት ጊታሪስቱን ጠርተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉና "በርታ ልጄ፤ መሣሪያው ሲጠገን ደግሞ ጥሩ ይሆናል" አሉት። ያንን የሚያጓራ የጊታር ድምፅ ለማምጣት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲታገል ነው የኖረው። 

ከተማ ውስጥ ግን ሰው አገኘን። ባጃጅ ነጂዎች፣ ተማሪዎች፣ ሥራ ፈቶች፣ በርጫቸውን ጨርሰው የሚገቡበት ያጡ። አንድ ቅዳሜ አንድ መዝናኛ ግቢ ውስጥ ስንጫወት መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ጀነሬተር ተነሳ፣ ከፊሉ ሰው የጀነሬተሩን ድምፅ አዲስ ዘፈን መስሎት አጨበጨበ። "ፀሐይ፣ አቦ ተይን" መሃል ላይ እንደተለመደው መግሪብ ደረሰ። ቆምን። ያ ሁሉ ሲዘል የነበረ ሕዝብ ባለበት ደረቀ። አዛኑ ሲያልቅ ዱላዬን ሳነሳ ከኋላ አንዱ "እንዳትቀጥሉ! ሰግደን እስክንመጣ!" ብሎ ጮኸ። ምን ይደረጋል፣ ጠበቅናቸው። ሰግደው ተመለሱ፤ ቅድም የቆሙበት ቦታ ላይ፣ ቅድም እንዳነሱት እጃቸውን አንስተው ቆሙና ዘፋኙን በዓይናቸው "ቀጥል" አሉት። መታሁ። ግቢው ፈነዳ። አንድ ልጅ ከመቆሙ ጀምሮ እስከ ምቷ ድረስ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ በየሰዉ ስልክ ዞረ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ጅቡቲ ሥራ አገኘና ሄደ። ከሰዓት ከሰዓት ሱቁን የሚይዝ ጠፋ። አባቴ ጠራኝና በረንዳው ላይ አስቀመጠኝ።

"ከነገ ጀምሮ ሱቅ ግቢ ልልሽ እችል ነበር፣ ግን አላልኩም" አለኝ። "እስከ አረፋ ሱቁን ላንድ ሰው በአደራ እሰጣለሁ። ይሄ ነገራችሁ ሥራ ከሆነ ከዚህ ግቢ ይውጣና ልስማው። የማላውቀው ሰው ከፍቶ ሲሰማው በጆሮዬ ልስማ። ያን ቀን አፌን እይዛለሁ። ካልሆነ ግን ከአረፋ በኋላ ከሰዓቱ የሱቅ ነው።"

ከሰዓቱ የሱቅ ሆነ ማለት ከዐስር እስከ መግሪብ ያለችው የሱቅ ሆነች ማለት ነው። ድራም አበቃ ማለት ነው። አባቴን ጨካኝ ማለት አልቻልኩም፤ ሱቁ የሚያበላን እሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግን አለቀስኩ፣ ጠዋት ደግሞ ቁርስ ላይ አኮረፍኩት።

አንድ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ ከአዲስ አበባ አንድ ባለ ሙዚቃ ቤት ደወለ። ቪዲዮውን እንዳየው፣ በጣም እንደወደደው፣ ሊያስቀርጸን እንደሚፈልግ ነገረን። በኋላ እንደገባን ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አላየውም። ያኔ ግን ማን ይጠይቃል? ውሉን ልኮልን እዚያው ታይዋን፣ የጊታሪስቱ የጥገና ጠረጴዛ ላይ፣ በተፈቱ ስልኮች መሃል ፈረምን። መምህሩ ከፈረመ በኋላ ማንበብ ጀመረና "የመጨረሻው ቅንብር የሙዚቃ ቤቱ ውሳኔ ነው ይላል" አለ። "ዋርያ፣ ቀድመህ አታነብም?" አለው ዘፋኙ። "ቀድማችሁ ያስፈረማችሁኝ እናንተ" አለ መምህሩ። የዚያን ወር ረጅሙ ንግግሩ ይኸው ነበር።

አዲስ አበባ እንደደረስን የመጀመሪያው ጥፋት የአንተና የአንቱ ነበር። ድሬ ውስጥ ሰው አንቱ ከተባለ ወይ ሸምግሏል ወይ ተኩርፏል። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ኮቱን አስተካክሎ እጁን ሲዘረጋ ዘፋኛችን "እንዴት ነህ አቦ፣ ወፍረሃል!" አለው። ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም። ሰውዬው ለአፍታ እጁን አየር ላይ ተወው።

ስቱዲዮው ድምፅ የማያስገባ የታሸገ ክፍል ነው። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ እንኳ አይሰማም። "ፀሐይ፣ አቦ ተይን"ን ጀመርን። መሃሉ ላይ ስንደርስ አራታችንም እጃችንን አወረድን። ዘፋኙ ግንባሩን ጠረገ፤ ላብ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ጊታሪስቱ ክሮቹን በመዳፉ ያዘ። መምህሩ ቤዙን ዘጋ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ቀራጭ መጀመሪያ ማሽኑን አየ፣ ቀጥሎ አንድ ገመድ ነቅሎ መልሶ ሰካ፣ ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ አራገፈው። እኛ ቁጭ ብለናል። የመጨረሻው መስጊድ ሊያበቃ በሚገባው ሰዓት መታሁ፤ ገቡ፤ ጨረስን።

"መሃል ላይ ምን ሆናችሁ?" አለን ቀራጩ።

"መቼ?" አለ ዘፋኛችን። ከልቡ ነው።

መልሶ ሲያሰማን ነው የገባን። ገና ምሳ እንኳ ሳይደርስ፣ አዛን በማይሰማበት ክፍል ውስጥ፣ አራት ሰዎች ለመግሪብ ቆመናል። ጊታሪስቱ እየሳቀ ወለሉ ላይ ተዘረረ። እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛ ሲያሰማን ግን ሳቁ ጠፋ። በዝምታው ውስጥ የዘፋኙ ትንፋሽ አለ፣ የኔ ወንበር ሲንቋቋ አለ፣ ከዚያ ያቺ ምት። ቆንጆ ነበር። እኛ እንዲህ ቆንጆ ነገር እንሠራለን ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለ ሙዚቃ ቤቱ ከምሳ በኋላ መጥቶ ሰማውና "ይቆረጣል" አለ። "ሰው ስልኩ የተበላሸበት ይመስለዋል። ዘመኑ አይታገስም። ካልሆነ ኪቦርድ እንሙላበት። ወይም ዋሽንት፤ አገርኛ ቃና ይሰጠዋል።"

"አገሩ እኮ እዚያ ጋ ዝም ነው የሚለው ወንድሜ" አለ ዘፋኛችን።

ሰውዬው ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን አቆመ። የጅብ ጅማት ክራር ሲሆን ቅኝቱ "እንብላው እንብላው" ነው፤ ያን ከሰዓት ሲያወራ ሁሉ ያ ተረት ጆሮዬ ላይ ነበር። ወይ ቆርጠን እናወጣዋለን ወይ አይወጣም አለን፤ አስቡበት ብሎ ወጣ። ጓደኞቼ ሦስቱም እኔን አዩ። የአባቴን ቃል ያውቃሉ። ጊታሪስቱ "እንቁረጠው በቃ" አለ። "አንቺ ሱቅ ከምትገቢ ትቆረጥ። ድሬ ስንመለስ እንደ ድሮው እንጫወተዋለን፣ ማን ይከለክለናል?" ይሄን ያለው ለኔ ብሎ ነው፤ ለዚያ እስካሁን እወደዋለሁ። ግን ያቺን ምት አስቆርጬ ያተረፍኩትን ድራም ምን ላደርገው ነው? እምቢ አልኩ። በጣም ጮኼ ነው እምቢ ያልኩት፤ ድምፅ የማያስወጣው ክፍል ባይሆን መንገድ ላይ ይሰማ ነበር።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ሰውዬው ስልክ ማንሳት ተወ። አረፋ እየቀረበ መጣ፤ አባቴም ስለ ቃሉ ምንም ሳያነሳ "እስኪ ዛሬ አብረሽኝ ነይ፣ ቦታውን ልመጂ" ይለኝ ጀመር። ጣቃ መዘርጋት፣ ሜትር መለካት፣ "ይሄ አይለቅም እህቴ፣ ወላሂ አይለቅም" ማለት ተማርኩ። እጄ ከባድ ስለሆነ ጨርቅ ስቀድ ቀጥ ይልልኛል። አባቴ ይሄን አይቶ ደስ አለው፣ እኔ ደግሞ ደስ ስላለው ተናደድኩ።

አረፋ ሊገባ ትንሽ ቀናት ሲቀሩት ከሱቅ ስንመለስ ባጃጅ ያዝን። ነጂው የማናውቀው ልጅ ነው። ገና ከታይዋን ሳንወጣ ፍላሹን ሰካና ድምፁን ከፍ አደረገ። የመጀመሪያዋን የጊታር ድምፅ ስሰማ ወዲያው አወቅኋት። "ፀሐይ፣ አቦ ተይን" ነው። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ሳይነግረን አውጥቶታል። ጊታሩ ታጥቦ የተተኮሰ ይመስላል፤ ድራሜም ጭምር።

ወዲያው የታየኝ የአባቴ ቃል ነው። ከግቢ ወጥቷል። የማናውቀው ሰው ከፍቶታል። በጆሮው እየሰማው ነው። አፉን ሊይዝልኝ ቃል የገባበት ቀን ይኸው ነው። ዘፈኑን እየጠላሁት "ባባ፣ ይሄ የኛ ነው" አልኩት። ድራሜን ፈልጌ ነው።

አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የነጂውን መቀመጫ ብረት ያዘ። መሃሉ ላይ ስንደርስ አየሁት፤ ከበረንዳው ሊነሳ ሲል እንደሚያደርገው ጉልበቱ ላይ እጁን አሳረፈ። ዘፈኑ አልቆመም። ኪቦርድ ገባበት፣ ሲያላዝን ቆይቶ አለፈ። የኔ ምት የለችም።

"ወንድሜ፣ እስኪ መልሰው" አለው ነጂውን።

ልጁ መለሰው። አባቴ ያቺን ቦታ ጠብቆ እንደገና ሰማ። ከዚያ ወደ ኋላ ተደግፎ "የናንተ አይደለም" አለ።

"የኛ ነው ባባ። ድምፁን አታውቀውም እንዴ?"

"ድምፁስ የዚያ የረዳቱ ነው። ዘፈኑን ነው ያልኩት። የናንተ ይቆማል። አዛኑ ሲያበቃ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ የግቢውን በር ስይዝ አንቺ ትመቻለሽ፣ ከዚያ ወደ መስጊድ እወጣለሁ። ሳትመቺ ወጥቼ አላውቅም።"

"አንተ እኮ ሁልጊዜ ቀስ ነበር የምትለው!"

"ሌላውን ነዋ! እሷን መች ቀስ አልኩ?"

ነጂው በመስታወቱ ያየናል። አባቴ ግድ አልሰጠውም።

"ቆረጡባችሁ?" አለኝ።

"ቆረጡብን።"

"እሺ ብለሽ?"

"እምቢ ብዬ።"

"ሱቅ እንደምትገቢ እያወቅሽ?"

"እያወቅሁ።"

ለነጂው መንገዱን በእጁ እየጠቆመ ሳቢያን ገባን። እኔ እንባዬን በሻሼ ጫፍ እጠርጋለሁ፤ አቧራ ነው እንዳልል ንፋስ እንኳ አልነበረም። የቤታችን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ "እንግዲያው ዘፈኑ አልወጣም" አለ። "ይሄ የሌላ ሰው ነው። የናንተ ገና አልወጣም። አረፋም ቢያልፍ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ሱቅ አትምጪ። ከሰዓቱን እኔው እቀመጣለሁ።"

"በርጫህስ? ጓደኞችህስ?"

"እዚያው ይመጣሉ። የት ይሄዳሉ?"

ደስታው ከአናቴ ሳይወርድ ነው ሌላው የገባኝ። ከሰዓት ከሰዓት ታይዋን ከተቀመጠ መግሪብ ሲደርስ በረንዳው ላይ አይኖርም። ሱቅ ዘግቶ እስኪመጣ እኛ ተበትነናል።

"ባባ" አልኩት፣ "አትሰማትም እኮ።"

ከባጃጁ ወርዶ ጀለቢያውን አራገፈ።

"እንግዲህ ቶሎ አውጧታ" አለኝ።